አገዳው ከድልድዩ ሥር በነደደ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ከወልድያ ወደ መርሳ ስንወርድ፣ ሲሪንቃን አለፍ እንዳልን፣ በሚኒባሱ መስኮት አንድ ሽታ ገባ። የማሽላ አገዳ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ነው። ማሳውን ሊያጸዳ የፈለገ ገበሬ ሰብስቦ ለኩሶት ኖሯል። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል "ተወው ወንድሜ፣ ትንሽ ልሽተት" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። የልጅ ልጄ ሄለን ግን አልሳቀችም። እሷ መሐንዲስ ናት፤ በሐራ በኩል በሚያልፈው የባቡር መስመር ላይ፣ ዋሻዎቹን ከእሳት ለመጠበቅ ከሚሠሩት ጋር ነው የምትውለው። እሳት የሚባል ነገር ከተነሳ ጆሮዋ ይቆማል። "እማማ፣ ምን አስታወሰሽ?" አለችኝ። ድልድዩን ልናልፍ ነበርና በጣቴ አሳየኋት። "ይህ ድልድይ ተቃጥሎ ነበር እኮ" አልኳት። "ድልድይ ይቃጠላል እንዴ?" ብሎ የጠየቀው ረዳቱ ነው። እኔም ያን ጊዜ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ያን ጊዜ የምለው፣ እኔ ገና ባሌን ካገባሁ ብዙም ሳልቆይ ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ድልድዩ ጥግ፣ ባለ ቆርቆሮ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሻይ ቤት ከፍተን ነበር። ባሌ ሹፌር ስለሆነ አንዱን ሳምንት አሰብ፣ ሌላውን መቀሌ ነው፤ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥራ አምስት፣ ሻዩ ቅርንፉድ ከተጨመረበት ደግሞ ስሙኒ። ሹፌሮች ከደሴ ሲመጡ፣ ከወልድያ ሲወርዱ ኤንትሬ የጭነት መኪናቸውን ዳር አስይዘው ይገባሉ። ሱሪያቸው ከታች የሰፋ ቦላሌ፣ ሸሚዛቸው አንገቱ ረጅም፣ ጸጉራቸው ጎፈሬ። ከግራና ከተማ ለገበያ የሚመጡት ደግሞ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በትራቸውን ከበሩ አስደግፈው ይቀመጣሉ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳት ሬዲዮ አምባሰል የተጫወተች ቀን ሹፌሩም ገበሬውም አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የወሎ ሰው ዘፈን ሲሰማ አንገቱ አይታዘዘውም። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ ካርድ መሸጫና የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለ። የእኔ ቤት የነበረበትን በቅጡ ለመለየት ከድልድዩ ጀምሬ በዓይኔ መለካት ነበረብኝ።

ጠያቂ ነበርኩ። እናቴ "ይህችን ልጅ ያገባ ሰው እንቅልፍ የለውም" ትል ነበር። ሹፌሩን "ለምንድነው ጎማው የሚያጨሰው?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ ባለ ግመሎቹን "ግመል ጨው ለምን ይልሳል?" እላለሁ። ከሁሉ የሚታገሠኝ ሐጂ ሰይድ ነበሩ። የእንስሳት መኖ ነጋዴ ናቸው። ማሽላ ሲታጨድ አገዳውን ከሀብሩ ገበሬዎች በግመል እየገዙ ያከማቻሉ፤ በጋው ሲበረታና ሣር ሲጠፋ ለባለ ከብቶች ይሸጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው። ሻያቸውን ከበራፉ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠጡት። "አንች ዘውዴ፣" ይሉኛል፣ "አላህ ለሰው አንድ አፍ ሰጠ፣ ላንች ሁለት።" ከዚያ የጠየቅኳቸውን ቁጭ ብለው ይመልሱልኛል።

አገዳቸውን የሚያስቀምጡት ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው ከድልድዩ ሥር፣ ጥላውና ከዝናብ መጠለያው ተመችቷቸው፤ ሁለተኛውና ትልቁ ክምር ደግሞ ከድልድዩ ወረድ ብሎ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ። ወንዙ በክረምት ካልሆነ ውኃ የለውም፤ ሰዉ አሸዋውን ጫር ጫር አድርጎ ነው የሚቀዳው። ከሥሩ ስላለው አገዳ ከሐጂ ጋር የሚጨቃጨቁት ደግሞ ካቦ ታደሰ ናቸው፤ የመንገድ ሠራተኞች አለቃ። ካቦ ጠዋት ጠዋት አካፋቸውን በትከሻቸው አድርገው ይመጣሉ። "ሐጂ፣ ይህን ያንሡልን እንጂ። ሲጋራ የጣለ ሹፌር ቢያጋጥምስ?" ይላሉ። ሐጂ "ታዲያ ድንጋይ አይነድ! ካቦ፣ ሞኝ አታርገኝ" ብለው ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር። አርማታ ነው እኮ፤ ሲሚንቶና ፌሮ አብሮ የፈሰሰበት። እሳት ምን ይለዋል?

የመርሳ ገበያ ቀን ነበር፤ ከቀትር በኋላ። አንድ አውቶቡስ ድልድዩን እንደወጣ ጎማው ፈነዳና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ከኋላው የነበረው ነዳጅ የጫነ ቦቴ ድልድዩ ላይ እንዳለ ቆመ። የቦቴው ሹፌር ጌታቸው ይባላል፤ ደንበኛዬ ነው፣ ሁልጊዜ በመሐል ጣቱ ቀለበት የሚያሽከረክር። "ጎማ ቀይረው እስኪጨርሱ ሻይ ስጪኝ" ብሎ ገባ። ሻዩን ገና አላቀረብኩለትም፤ ያ ሽታ መጣ። መጀመሪያ እንደ ጥብስ እሸት ጣፈጠኝ። ቀጥሎ አንድ ሰው ከውጭ "እሳት!" ብሎ ጮኸ። እንዴት እንደተነሣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አንዱ ከአውቶቡሱ የተጣለ ሲጋራ ነው ይላል፣ አንዱ በቆሎ የጠበሱ እረኞች ናቸው ይላል፤ እኔ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፣ ያየ ግን የለም።

ስወጣ ጭሱ ከድልድዩ በሁለቱም በኩል እየተግተለተለ ይወጣ ነበር። ነፋሱ ከላይኛው ወንዝ ወደ ታች ነው። ጌታቸው ሻዩን ረስቶ ሮጦ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ዝም ይላል። እንደገና ያዞራል፣ እንደገና ዝም። ባትሪው ደክሞበት ኖሯል። ከዚያ ነው ድምፁን የሰማሁት። ጠ! ጠ! ጠ! ምጣድ ላይ ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ፤ ግን ከሥር፣ ከድልድዩ ሆድ። በገደሉ ጠርዝ ጎንበስ ብዬ ሳይ የጣት ጥፍር የሚያህል፣ መዳፍ የሚያህል የአርማታ ስንጥር ከእሳቱ ውስጥ እየተስፈነጠረ አሸዋው ላይ ይወድቃል። ድንጋዩ ራሱ ይፈነዳል! ፈራሁ ብል እውነት ነው፤ ግን ከፍርሃቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ነበረ። ለምን? አልኩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ለራሴ ለምን እንዲህ ይፈነዳል? አልኩ።

ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ያገኘሁት ከስንት ዘመን በኋላ ከሄለን ነው። አንድ ቀን ወልድያ ቤታችን የጡብ ቁራጭ የሚያህል አርማታ ይዛ መጣች። "እማማ፣ ይህን አይተሽ ምን እንዳለበት ንገሪኝ" አለች። መነጽሬን አድርጌ ሳገላብጠው ከተሰበረው በኩል የድመት ጸጉር የሚያክሉ ነጫጭ ክሮች ብቅ ብቅ ብለዋል። "ጸጉር አለው" አልኳት። "ፕላስቲክ ነው" አለች። "ድንጋይ የሚመስለው አርማታ ውስጡ ውኃ አለ። እሳት ሲይዘው ውኃው እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣ ገፍቶ ያፈነዳዋል። ክሮቹ ግን ቶሎ ቀልጠው ይጠፋሉ፤ በእነሱ ቦታ ቀጫጭን ቀዳዳ ይቀራል፤ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል።" ሥራዬን ትቼ ቁጭ አልኩ። ለመዳን መጀመሪያ የሚቀልጥ ነገር ውስጡ ማስቀመጥ! ይህን ያሰበ ሰው ማን ይሆን? ቡናውን አስቀድሞ የጠጣ ሰው ነው እላለሁ፤ ባዶ ሆድ እንዲህ አያስብም። "ባቡሩ የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥስ?" አልኳት ቀጥዬ፤ "ድልድይ ላይ ጭሱ ወደ ሰማይ ይወጣል። ዋሻ ውስጥ ወዴት ይሄዳል?" ትልልቅ ማራገቢያ እንዳለ፣ ጭሱን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚገፋው፣ ሰዉ በሌላው በኩል እንደሚወጣ ነገረችኝ። ያን ምሽት እራት ስናቀርብ፣ ስንበላም፣ ስናነሳም የምጠይቃት ስለ ማራገቢያ ነበር።

ወደ ድልድዩ ልመለስ። ጌታቸው ከጋቢናው ወርዶ "ግፉልኝ! ወገኖቼ ግፉልኝ!" ብሎ ጮኸ። የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ግማሹ ወደ ማሳው ሸሽቷል። ቦቴ ነው እኮ፤ ቢፈነዳ መርሳ ድረስ የሚሰማ። ካቦ ታደሰ ግን አካፋቸውን ጥለው መጀመሪያ አውቶቡሱን ከመንገዱ ማስወጣት እንዳለባቸው ተናገሩ። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ዕቃቸውን አስቀመጡ፤ የሸሹትም ሌላው ሲመለስ አይተው ተመለሱ። ከፈነዳው ጎማው ጋር እያነከሰ አውቶቡሱ ወደ ዳር ሄደ። ቀጥሎ ሁሉም ወደ ቦቴው ሆነ።

ከታች ደግሞ ሐጂ ሰይድ ከሠራተኞቻቸው ጋር መንሽ ይዘው ቆመዋል። ካቦ ከላይ አጎንብሰው ጮኹ፤ "ሐጂ! ከድልድዩ ሥር ያውጡት! እሳቱ እዚያ ከቆየ አርማታው ይወርዳል!" ሐጂ ዞረው ወደ ታች ተመለከቱ። እኔ አይቻቸዋለሁ። ከድልድዩ ሥር የሚነደውን አገዳ ማውጣት የሚቻለው ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል ብቻ ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ትልቁ ክምር አለ፤ የዓመቱ ሀብታቸው ሁሉ። የሚነደው ወደዚያ ከወጣ ክምሩ አይተርፍም። የት እንደሚገፉ ሠራተኞቻቸው ዓይን ዓይናቸውን ያዩ ነበር። ሐጂ ሽርጣቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ "ቢስሚላህ" አሉና "ግፉት! ወደ ታች ግፉት!" ብለው ራሳቸው መንሹን ሰክተው ገፉ። አንድ የእሳት ጥቅልል ወጣ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ከገበያ የሚመለሱት ሴቶችም እኔም ወርደን በባልዲ፣ በቅል፣ በሻይ ማፍያ ድስቴ ጭምር እርጥብ አሸዋ እየዛቅን በቀረው ፍም ላይ ደፋን። ትልቁ ክምር ሲያያዝ የወጣው ድምፅ ነፋስ ይመስል ነበር፤ ከሥር የነበረው ግን ቀዘቀዘ። በዚያው ቅጽበት ከላይ እልልታ ሰማሁ። ቦቴው ተንቀሳቅሶ ቁልቁለቱን ይዟል፤ ጌታቸው መሪውን ይዞ፣ ፊቱ ጥላሸት፣ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

ሐጂ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ክምራቸው ሲነድ ያዩ ነበር። ውኃ ወሰድኩላቸው። አልጠጡም። "ካቦ ልክ ነበር፣ ዘውዴ፤ ወላሂ ልክ ነበር" አሉኝ። ካቦ ታደሰ ወርደው አጠገባቸው ተቀመጡ። "ነግሬዎት ነበር" ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አውልቀው የሐጂን የተቃጠለ እጅ ጠቀለሉት።

በማግስቱ ከደሴ መሐንዲስ መጣ፤ ወጣት፣ ባለ ቴትሮን ጨርቅ ኮት፣ ጸሐይ እንዳይመታው ጋዜጣ በራሱ ላይ የሚደፋ። ድልድዩን በድንጋይ አስዘጋው። ሰዉ ተቆጣ። "ቆሞ የለም እንዴ? ምን ሆነና?" ይላል ሹፌሩ። "ልጄ ታማብኝ ወልድያ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው" ትላለች አንዲት እናት፤ ልጇን በአሸዋው ውስጥ በሸክም አሻገርናት። መሐንዲሱ ግን አልሰማም። መዶሻ ይዞ ከሥር እየተንፏቀቀ አርማታውን ይመታል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። ሻይ ይዤ ሄድኩና ጠየቅሁት። "ምንድነው የምትሰማው?" "ጤነኛ አርማታ ሲመታ ይጮኻል፤ ከውስጡ የለቀቀ ግን እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል" አለኝ። መዶሻውን ሰጠኝ። መታሁ። ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ጭንን! አለ፣ ሌላው ዱብ። ከዚያ ቀለሙን አሳየኝ። እሳቱ አጥብቆ የያዘበት ቦታ ግራጫነቱ ጠፍቶ የሰው ድድ የመሰለ ቀይማ ሆኗል። "ይህ ቀለም ያለበት ሁሉ ይፈነቀላል" አለ። ከተራገፈው ላይ ፌሮው እንደ በግ ጎድን አጥንት ወጥቶ ይታይ ነበር። "ትናንት ከእሳቱ ገላግለነዋል ብለን ነበር" አልኩት። "ገላግላችሁታል" አለኝ። "ሌላ ትንሽ ቢቆይ ፌሮው ይላላ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ለጥገና ሳይሆን ለአዲስ ድልድይ ነበር የምመጣው።"

ጥገናው ክረምቱ ሊገባ እስኪል ድረስ ቆየ። ከሥር እንጨት አቆሙ፣ የተበላሸውን ፈነቀሉ፣ አዲስ ሽቦና አዲስ ሲሚንቶ ለጠፉበት። አዲሱ ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን ነበር፤ ጆንያውን ጠዋትና ማታ የሚያርሱት ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም። እጃቸው ሳይሽር፣ ውኃ ከአሸዋው ቆፍረው እየቀዱ። ልጆቻቸው "ባባ፣ ይተዉት፣ እኛ እናደርገዋለን" ሲሏቸው ይገላምጧቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከድልድዩ ሥር አንድ ዘለላ አገዳ አልተቀመጠም። ጥላ ፈልጎ እሳት የሚያነድ እረኛ ቢመጣ እንኳ ሐጂ ከሩቅ ሆነው በበትር ያባርሩት ነበር።

የሚከፈትበት ቀን አሸዋ የሞላ ኤንትሬ ቀድሞ እንዲያልፍ ተባለ፤ ድልድዩ መቻሉን ለማየት። ሹፌሮቹ ተጠያየቁ። አንዱ "የልጆች አባት ነኝ" አለ፣ ሌላው መኪናው ፍሬን እንደሌለው በድንገት ትዝ አለው። ጌታቸው በቦቴው ጭሱን ስላለፈ ይመስለኛል "እኔ እነዳዋለሁ" ብሎ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ግን እሱም ሞተሩን አስነስቶ እግሩን ነዳጁ ላይ አላሳረፈም። ሁሉም ቆሞ ነበር። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከግራና የመጣ ሰው በሁለቱም ዳር ተሰልፏል። ያን ጊዜ ሐጂ ሰይድ በትራቸውን ይዘው በቁልቁለቱ ወረዱ። ጫማቸውን አወለቁ። ከድልድዩ ሥር፣ ልክ አዲሱ አርማታ ካለበት ሥር ሄደው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ።

መሐንዲሱ ሮጠ። "አባባ፣ ይውጡ! ማንም ከሥር መሆን የለበትም!"

ሐጂ ቀና ብለው አዩት። "አንተ የሠራኸው ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ይችላል ብለሃል?"

"ይችላል።"

"ታዲያ ለምን ትፈራልኛለህ?"

መሐንዲሱ ካቦ ታደሰን አየ፣ ወደ ላይ ሰዉን አየ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ፣ በአሸዋው ላይ አነጠፈና ከሐጂ ጎን ተቀመጠ። ካቦም ወርደው በሌላው ጎናቸው ተቀመጡ። ከላይ ይህን ያየው ጌታቸው ሁለተኛ እስኪጠየቅ አልጠበቀም። ኤንትሬው እያጓራ መጣ። ከአውራ ጎዳናው ተነስቶ ድልድዩ ላይ ወጣ። እኔ ገደሉ ጠርዝ ላይ ተንበርክኬ ከሥር የተቀመጡትን ሦስቱን ነበር የማየው። መኪናው በራሳቸው ላይ ሲደርስ ካቦ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መሐንዲሱ ወደ ላይ አፍጥጦ አየ፣ ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጥቂት አቧራ ወረደባቸው። ኤንትሬው በወዲያኛው ጫፍ ወጣ።

ሰዉ ወደ ጌታቸው ሲሮጥ እኔ ወደ ታች ወረድኩ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ከእንዲያ ያለ ነገር ሥር የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሰማ ማወቅ ነበረብኝ። ሐጂ ጫማቸውን ያደርጉ ነበር።

"ሐጂ፣ ከሥሩ ሆናችሁ ምን ሰማችሁ?" አልኳቸው።

"ድልድዩማ ምንም አላለ፣ ልጄ" አሉ፤ የተቃጠለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "የኔ ልብ ነው ሲጮህ የነበረ።"